የፍል ውሃዋ እመቤት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም፤ ዝናቡም እንደኔ ወሬ አያልቅበትም። የምነግራችሁ ድሮ የሆነ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ቀኑ ለማታ ሊያስረክብ ሲል፣ አንድ ረጅም፣ ጭር ያለ ኮሪደር ውስጥ።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አገሯ የት ነው አትበሉኝ፣ ሩቅ ነው። እናቷን እማማ ደብሪቱን ትልቁን ከተማ ላሳያቸው ብላ ይዛቸው መጣች። ምን ያያሉ? ዝናብ። ጠዋት ዝናብ፣ ማታ ዝናብ። አንጓች ግን እልኸኛ ናት፤ ሰማዩ ከከለከለን ጣራ ስር ያለውን እናያለን አለች። ሙዚየም ገቡ። እማማ ደብሪቱ መስታወት ውስጥ የተቀመጠውን ማሰሮ አይተው የእኔ ይሻላል አሉ። ሲኒማ ቤት ገቡ። ገና ሲጨልም እንቅልፋቸውን ለጠጡ። ከዚያ አንድ ፎቅ ውስጥ ሊፍት ተገኘ፤ ያን ጊዜ ብርቅ ነው። ሊፍቱ ግን አንጀታቸውን አራሰው። ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ዘበኛው መጥቶ ኧረ መድረሻችሁ የት ነው እስኪላቸው ድረስ።

የመጨረሻው ቀን ፍል ውሃ ሄዱ። የእማማ ደብሪቱ ጉልበት አልታጠፍ አልዘረጋ ካለ ቆይቷል። በልጅነታቸው አንዲት እመቤት ቤት አገልግለዋል። እመቤት በገባች ቁጥር ብድግ ብሎ «ኖር» ማለት፣ ስትወጣም ብድግ። ያ ጉልበት ያኔ ነው ያለቀው።

አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ስንዱ የምትባል ቀይ ሻሽ ያሰረች ኮረዳ አጠገባቸው ነበረች። ሳቂታ ናት። እማማ፣ እዚህ ገብተው ሲወጡ እኔን ነው የሚያክሉት እያለች ስታሾፍባቸው ተራዋ ደረሰና ገባች።

ቀጥሎ የእነሱ ተራ ሆነ። የመጨረሻው በር ነው ተባሉ። ሄዱ። በረጅሙ ኮሪደር በር፣ በር፣ በር። ሁሉም ዝግ። የሰው ድምፅ አለ? የለም። የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ።

ገቡ። አንጓች በሩን ከውስጥ ቀረቀረች፤ እናቷን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሙቀቱ ሰውነታቸው ውስጥ ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው።

መጀመሪያ ምን መጣ? ብርድ። ፍል ውሃ ቤት ውስጥ ብርድ ይመጣል? መጣ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ እርጥብ ዱካ። እግር የለም፣ ዱካው ግን ይራመዳል። ቀጥሎ የወርቅ ጉትቻ፣ አየር ላይ። ከዚያ ጆሮው መጣ፣ አንገቱ መጣ፣ ካባው መጣ። ፊቷ መጨረሻ ላይ መጣ፤ አንዲት የድሮ እመቤት ናት፤ ፊቷስ ባይመጣ ይሻል ነበር።

ቆማ ትጠብቃለች። ምን ትጠብቃለች? እማማ ደብሪቱ አወቁት። ያ አልታዘዝ ያለ ጉልበት ውሃው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ሊነሱ ነው። አፋቸውም ተከፈተ፣ «ኖር» ሊሉ ነው።

አንጓች ከእመቤቲቱ ኋላ አየች። ሴቶች ተሰልፈው ቆመዋል። እጃቸው እንደተጣመረ፣ ከንፈራቸው አመድ መስሎ፣ ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። የድሮ ቀሚስ የለበሱ አሉ፣ ፎጣ ያገለደሙ አሉ። ከሁሉም ኋላ ማን ቆማለች? ቀይ ሻሿን እንዳሰረች ስንዱ። ያኔ ገባት። የተነሳላት ሁሉ ሰልፉ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል የለም።

አንጓች ከነልብሷ ገንዳው ውስጥ ዘላ ገባች። የእናቷን አፍ በመዳፏ ከድና ቁልቁል ተጫነቻቸው። ጉልበታቸው እንደ ታሰረ ጥጃ ይራገጣል።

«ሴትዮ፣ መምጣቴን አላየሽም?» አለች እመቤቲቱ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?»

አንጓች ፈርታለች እኮ፣ አልፈራችም አላልኳችሁም። «እናቴ ለእርስዎ ብጤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትነሳ ኖራለች» አለቻት። «ዛሬ ተቀምጣለች። መታጠብ ከፈለጉ አግዳሚው ውጪ ነው፣ ተራዎን ይጠብቁ።»

እመቤት ተራ ጠብቂ ተብላ ታውቃለች? ውሃው በረዶ ሆነ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አንጓች አልለቀቀችም። ያኔ ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሳቅ ተሰማ። ስንዱ ናት። ጉልበቷን አጠፈችና ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ከፊቷ ያለችውም ተቀመጠች። ሌላዋም። ሌላዋም። እመቤቲቱ ዞር ስትል የቆመች እሷ ብቻ ናት። ካባው ጠፋ፣ አንገቱ ጠፋ፤ ጉትቻው ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየና እሱም ጠፋ።

ስንዱን ከጎናቸው ባለው ክፍል ወለል ላይ አገኟት፤ ብርድ ያንዘፈዝፋታል፣ ነፍሷ ግን አለች። የቀሩት ሴቶች የት ደረሱ? እንጃ። ያረፉ ይመስለኛል፤ ስንት ዘመን ቆመው።

እማማ ደብሪቱ አገራቸው ገቡ። አንድ ቀን ሹሙ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፣ እሳቸው ቁጭ። ጉልበትዎ እስካሁን አልዳነም እንዴ ሲሏቸው፣

«ድኗል እኮ» አሉ።

እንግዲህ እናንተም ብቻችሁን ጨለማ ኮሪደር አትግቡ። ከገባችሁም ለመጣ ሁሉ ዘላችሁ አትነሱ። ቆይ፣ ዝም በሉ እስቲ። በሩን ማነው የገፋው? አንተ፣ ወዴት ነው? ቁጭ በል። ማንም ይሁን ማን፣ ወንበሩን ራሱ ይፈልግ።