የኩምሳ ቤት ጣሪያ

ኩምሳ በገዛ ቤቱ የውስጥ ግቢ በደረቱ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ከተፈነከተው ራሱ አጠገብ የሁለት ቡጢ ያህል ድንጋይ ወድቋል። የኅዳር ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ የሐይቅ ዳሯን ከተማ ሴንት ሉዊስ ፓርክን ሲያናውጥ ስለዋለ፣ ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ጣሪያው ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች የወደቀ ነው» ብለው ነበር። መርማሪ ሲንቄ ግን መሰላል አስመጥታ ጣሪያው ላይ ወጣች። ስትወርድ በሩ ጋ የተከመረውን ትርፍ የጣሪያ ድንጋይ ቆማ አየች።

«ሰው ነው የገደለው» አለች። «ማንም ከዚህ እንዳይወጣ።»

ቤቱን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ኩምሳ ስፔን በተማረው መንገድ ነበር ያሠራው። የውጭው ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቶቹ እንደ ቀዳዳ ጠባብ ናቸው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውስጡ ግቢ አዙረዋል። የትም ቢቀመጡ አንሶላ የለበሰው ሬሳ ይታያል። የውጭ በሩም አንድ ብቻ ነው።

ሲንቄ መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ፈነትን አነጋገረች።

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት። ዕቃ አጥብ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።» ፈነት ወደ ግቢው ዞረች። «እኔን ልትወስዱኝ ነው? አገር ቤት ላሉት እናቱ ምን ተብሎ ይነገራል? ሚስቱ ገደለችው ተብሎ?»

ሲንቄ ቀጥላ ጣሪያውን የሠሩትን ጎረቤት፣ ጋሽ ነገሪን ጠራች።

«እኔ ምድር ቤት የማሞቂያውን ፈርነስ ስጠግን ነበር። ምስክር ካሻሽ ፈርነሱን ጠይቂው» አሉ።

«ጣሪያው ላይ ያሉትን ድንጋዮች ማን ደረደራቸው?»

«እኔ ነኛ! ኩምሳ ከታች ቆሞ ‹ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ› ሲለኝ ወገቤ ተቆረጠ። መሰላሉን የያዘችልኝ ፈነት ናት።»

ሦስተኛው የኩምሳ የሥራ ባልደረባ ጌቱ ነው። ለምሳ ተጋብዞ መምጣቱን፣ ከምሳ በኋላም ሳሎን ብቻውን መቀመጡን ተናገረ። የቤቱ ፎቶ የወጣበትን መጽሔት ከጠረጴዛው አንስቶ አሳያት። ከሥሩ የንድፉ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው የጌቱ ስም ነው።

«ዲዛይኑ የእኔ ነው» አለ። «ኩምሳ ግንባታውን ነው ሱፐርቫይዝ ያደረገው።»

ሲንቄ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ በጠባቦቹ መስኮቶች ያፏጫል። ማንም ከማንም አጠገብ አልተቀመጠም።

«አቶ ጌቱ፣ ድንጋዮቹ ከጣሪያው በየት በየት በኩል ናቸው?»

«ዙሪያውን ነዋ። ነፋስ ሸክላውን እንዳይነቅለው።»

«ዙሪያውን?» አሉ ጋሽ ነገሪ። ፈነት ቀና አለች።

«ኩምሳ ግቢውን ከስፔን ገጠር፣ ጣሪያውን በነፋስ ምክንያት ድንጋይ ከሚጫንበት ከዚያው አገር ሰሜን ባሕር ዳርቻ ነው የወሰደው» አለች ሲንቄ። «እዚህም ድንጋይ የጫነው የሐይቁ ነፋስ በሚመታው በውጭው በኩል ብቻ ነው። ወደ ግቢው የሚያዘነብለው ጣሪያ የተከለለ ስለሆነ አንድም ድንጋይ የለበትም። ከዚያ ምንም ሊወድቅ አይችልም። በውጭው በኩል ያሉትም አልጎደሉም። ይኼኛው በሩ ጋ ከተከመረው ትርፍ ድንጋይ የተነሣ ነው። ገዳዩ ከጣሪያ ወደቀ እንዲባል ነው የተወው፤ ግቢው በኩል ድንጋይ አለመኖሩን አያውቅም። ጋሽ ነገሪ በእጃቸው ደርድረውታል። ወይዘሮ ፈነት ከሥር ቆመው አይተዋል። ከመንገድ ብቻ አይቶ፣ ግቢው ውስጥ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ግን ዙሪያውን ይመስለዋል።»

«እኔ እኮ ንድፉን…» ብሎ ጌቱ አፉን ያዘ።

«ንድፉ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ይህን አይስቱም ነበር።»

«ኩምሳ ሰኞ የእጅ ንድፎቹን ለአለቃቸው ሊያሳይ ነበር» አለች ፈነት ቀስ ብላ። «ጌቱ ሥራዬን ነጠቀኝ ይል ነበር።»

ጌቱ መጽሔቱን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ለመንኩት» አለ። «ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ ኦፊሱ፣ ሁሉም የእኔ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። አንድ ጊዜ ዝም በልልኝ አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በሩ ተከፍቶ ቀረ፤ ቀዝቃዛው አየር ቤቱን ሞላው።

«ለእናቱ ማን ይንገራቸው?» አሉ ጋሽ ነገሪ።

«እኔ» አለች ፈነት። «ማን ገደለው ቢሉኝ አሁን መልስ አለኝ።»

ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን እስከ ግማሽ ከነካች በኋላ ሰዓቱን አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እዚያ አሁን እኩለ ሌሊት ነው» አለች። «ይተኙ። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ሆኖ አንድ ሌሊት ይደሩ።»