ስሙን የሸፈነች ጣት

«ሰው በማያይዎት ጊዜ ምን ያደርጋሉ?»

ወኒንግ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣች።

በየቀኑ ከስልኳ ፊት ቆማ ለሰባ ሺህ ተከታይ ስትናገር አንድም ጊዜ ቃል አጥሯት አያውቅም። ሂጃብ ትሸጣለች፤ እግረ መንገዷንም ስለ ሰላት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትዳር ትመክራለች። አሁን ግን ለትዳር ልትተያይ በመጣችበት በእትዬ ላስትሪ ሳሎን፣ እናቷና አጎቷ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊቷ ያለው ሰው ዓይኑን ሻይ ብርጭቆው ላይ ተክሎ ሲጠይቃት... ምንም አልመጣላትም።

«እንጃ... እተኛለሁ» አለች።

አጎቷን ሻዩ ትን አለው። ሁለቱን ያገናኘቻቸው እትዬ ላስትሪ በሂጃቧ ጫፍ አፏን ይዛ ተንፈቀፈቀች። ሰውየውም ሳቀ። ሲስቅ አንዱ የፊት ጥርሱ ጫፉ ሸረፍ ያለ መሆኑ ታየ። የወኒንግ ልብ በዚያች ሽራፊ ጥርስ ተያዘ።

ስሙ ጉንቱር ነው። በከተማቸው በፔካሎንጋን ወደብ የዓሣ ጀልባዎችን ሞተር ይጠግናል። እጁን የቱንም ያህል ቢያሽ ጥቁሩ ዘይት ከጥፍሩ ሥር አይለቅም።

ለትዳር የሚተያዩ ሰዎች የሚሞሉትን የመተዋወቂያ ወረቀት የተለዋወጡት በዚያው ቀን ነው። ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሕመም... ሁሉም ይጻፍበታል። ከታች አንድ ቦታ አለ፦ «የትዳር ጓደኛዬ ሳታውቀው ልታገባኝ የማይገባት ነገር»። ብዙ ሰው እዚያ ላይ «ቁጡ ነኝ» ወይም «እንቅልፍ አበዛለሁ» ብሎ ያልፋል። ወኒንግም በበኩሏ «ስልክ አበዛለሁ» ብላ ነበር የጻፈችው።

እትዬ ላስትሪ የጉንቱርን ወረቀት ስትሰጣት ለቀቅ አላደረገችውም።

«ይኼ አማና፣ አደራ ነው፣ ወኒንግ። ካልተስማማሽ ትመልሽልኛለሽ፤ ከተስማማሽ በኒካሁ ዋዜማ አብረን እናቃጥለዋለን። ኒካህ ይታወጃል፤ እጮኝነት ይደበቃል።»

«አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ! እኔ ራሴ በቪዲዮ አስተምሬዋለሁ።»

«እሱማ አይቼዋለሁ» አለች እትዬ ላስትሪ፤ ወረቀቱንም ለቀቀችላት።

ወኒንግ መኝታ ቤቷ ገብታ አነበበችው። የእጅ ጽሑፉ ትልልቅና ጥንቁቅ ነው፤ በግድ የተጻፈ ይመስላል።

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ቁርኣን መቅራት የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከሕፃናት ጋር ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከእኔ በጣም ይበልጣል። ስሳሳት አይስቅብኝም።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ታች ወረደች።

«ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት እጠጣ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዩዳ የሞተ ቀን ጀልባውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰክሬ ነበር። እናቴ ማዕበል ወሰደው ብላ ታምናለች። ልነግራት ሞክሬ አቃተኝ። የማገባት ሴት ግን ይህን ሳታውቅ ቤቴ መግባት የለባትም።»

ወኒንግ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እናቷ ሱማርኒ በሩን አንኳኳች።

«ልጄ፣ ምን ጻፈ? ምነው አለቀስሽ? ታሟል እንዴ?»

«አማና ነው፣ እማ።»

«እሺ... እሺ። ብቻ በሽታ ከሆነ ንገሪኝ።»

በሁለተኛው ግንኙነት ጉንቱር ቀድሞ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ንጹሕ ሽርጥ ለብሷል። ቀና ብሎ አላያትም።

«አነበብኩት» አለች ወኒንግ።

«እና?»

«እና... ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። ይጠጡ እንጂ።»

ጉንቱር ብርጭቆውን ሲያነሣ ሻዩ ሽርጡ ላይ ፈሰሰ። እናቷም አጎቷም ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ለሁለቱ ግን ትልቁ ነገር ተነግሮ አልቋል።

«ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኢድ ጠዋት። ሁሉም ሰው እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ... እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየኢዱ ተንበርክኬ ዋናውን ነገር ሳልናገር ተነሥቻለሁ። ዘንድሮ እናገራለሁ። ኒካሁ ከዚያ በኋላ ይሁን።»

«ኢንሻአላህ» አለች። በዚያች ቃል ውስጥ ዕድሜዋን ሰጠችው።

ረመዳን ገባ። ወኒንግ ደስታዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። በቪዲዮዎቿ ሥር ግን ሰዎች እንደ ልማዳቸው ይጽፋሉ።

«ስለ ትዳር ሁልጊዜ ትመክሪናለሽ፤ ያንቺ ባል የት አለ?»

«ሠላሳ ልትደፍኚ ነው፤ ከሂጃቦቹ አንዱን ለራስሽ ሙሽርነት አስቀሪ!»

«ፈላጊ ብታጣ እኮ ነው ሰባኪ የሆነችው።»

እናቷ ከትከሻዋ በላይ እያየች ትብከነከናለች።

«አታንብቢው፣ ልጄ። አያውቁሽም።»

«እማ፣ እያሾፉብኝ ዝም ልበል?»

«ዝም በይ። ያለሽን ታውቂያለሽ፤ አላህም ያውቃል። ሌላ ማን ይወቅልሽ?»

ወኒንግ ዝም አለች። ለሃያ ስድስት ቀን።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ጾም፣ ከአመሻሹ የአስር ሰላት በኋላ፣ እናቷ ለማፍጠሪያ ሩዝና ለጋ የጃክፍሩት ፍሬ ስትሠራ ወኒንግ ስልኩን መደገፊያው ላይ አቆመችው። ያን ሰዓት ሰው ሁሉ ተርቦ አዛን ይጠብቃል፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው።

«ዛሬ ስለ አንድ እውነተኛ ወንድ ልንገራችሁ» አለች። «ለትዳር ጠይቆኛል። ስሙን አልናገርም። ግን ይህን አዳምጡ...»

ወረቀቱን አወጣች። ስሙ ላይ ጣቷን አደረገች። ከሕፃናት ጋር ስለ መቀመጡ የጻፈውን አነበበች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንባዋ መጣ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ወዳዋለች። ከዚያ ወረቀቱን ለካሜራው ብልጭ አድርጋ አሳየችና አጠፈችው። ጥቂት ሰከንድ እንኳ አይሆንም።

አዛን እስኪል ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው።

«ማሻአላህ!» «እንዲህ ያለ ወንድ ከየት ይገኛል?» «አላህ ለእኔም ይስጠኝ!»

ወኒንግ ቴምሩን በአፏ እንደያዘች ታነባለች፤ ፊቷ ያበራል። ከዚያ አንድ የማታውቀው ሰው ጻፈ፦

«ቪዲዮውን አቁሙና ወረቀቱን አጉሉት። ከታች ያለውን አንብቡ።»

ሌላው ተከተለ፦ «ዩዳ? የፔካሎንጋኑ ዩዳ?»

ሦስተኛው፦ «ይኼማ ጉንቱር ሜካኒኩ ነው! ወንድሙን ሰክሮ ነው እንዴ የገደለው?»

ቪዲዮውን ለማጥፋት ስትጣደፍ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሳተችው። ስታጠፋው ግን ሌሎች ወስደው አባዝተውት ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከስልክ የወጣን ግን አፋፍም አይይዘውም።

በማግሥቱ ከረፋዱ ላይ ከእናቷ ጋር ወደ ወደቡ ሄደች። ሱማርኒ መረብ ከሚጠግኑት ሴቶች አጠገብ፣ ሁለቱን ከምታይበት ቦታ ቆመች። ጉንቱር የሞተር ክዳን በጨርቅ ይጠርጋል። የወደቡ ሰዎች ሥራ የያዙ መስለው ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ስምህን ሸፍኜው ነበር... ወላሂ ሸፍኜው ነበር!»

«አይቻለሁ» አለ። «ጣትሽ ቀጭን ናት።»

«እርስዎ» ማለቱን ትቶ በ«አንቺ» ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ቃል የጠበቀችው ለኒካሁ ቀን ነበር።

«ስለምወድህ ነው! ሰው ሁሉ ደግነትህን እንዲያይ ፈልጌ...»

«እኔም ስለወደድኩሽ ነው የጻፍኩልሽ። ለአንቺ። ለአንድ ሰው።» ጨርቁን አጣጠፈው። «አላህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሸፍኖልኝ ነበር፣ ወኒንግ። ቃሉን እያንዳንዱን አዘጋጅቼ፣ እግሯ ሥር ልንበረከክ ሦስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

«እናትህ... ሰሙ?»

«ጎረቤት ስልኩን ይዛ መጥታ ጮክ ብላ አነበበችላት። እናቴ ፊደል አታውቅም።» የታጠፈውን ጨርቅ ኪሱ ከተተ። «‹ከዓይኔ ራቅ› አለችኝ። የምትለው ይኸው ብቻ ነው።»

«በቪዲዮ ወጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ! ሁሉን እናገራለሁ!»

ጉንቱር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«አሁንም ቪዲዮ?» አለ። ቁጣ የለበትም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ክዳኑን ይዞ ወደ ጀልባው ወረደ።

በኢድ ጠዋት ወኒንግና እናቷ ወደ ጉንቱር እናት፣ ወደ እማማ ካርሲና ቤት ሄዱ። አሮጊቷ አዲስ ልብስ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወኒንግ ተንበርክካ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

አሮጊቷ አላስነሷትም።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ባሕሩን ስረግም ኖርኩ» አሉ። «ዓሣ ስበላ እንኳ እየረገምኩ ነበር። ‹ከዓይኔ ራቅ› አልኩት፤ ተናድጄ ነዋ! እናት ተናድዳ የማትለው አለ? ዛሬ ግን ይመጣል ብዬ፣ ታጥቤ፣ ለብሼ... ይኸው ጉልበቴን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።»

«የት ሄደ?»

«ትናንት ወደ ቢቱንግ በሚሄድ መርከብ ተቀጥሮ ሄዷል አሉኝ። የባሕር ማዶ መጨረሻ።» ጉልበታቸው ላይ ያለውን የወኒንግን ራስ ተመለከቱ። «የሱ ቦታ ነበር፤ አንቺ ተንበረከክሽበት።»

ሱማርኒ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ወኒንግ ገጿን ዘጋች። ሂጃቦቹን ወደ ገበያ አውጥታ በጠረጴዛ ትሸጥ ጀመር። እትዬ ላስትሪ ስታልፍ ሰላም ትላታለች፤ ሌላ ሰው ግን አላመጣችላትም።

ከሁለት ወር በኋላ እማማ ካርሲና አሮጌ ስልካቸውን ይዘው ጠረጴዛዋ ዘንድ መጡ።

«ልጄ መልእክት ይልካል። አይደውልም፤ ድምፄን ለመስማት ያፍራል መሰለኝ። አንብቢልኝ።»

«እኔ? እማማ... ጎረቤትዎ...»

«ጎረቤቴማ ለመንደር ነው የምታነበው። አንቺ ከዚያ ወዲያ የምታወጪው ምን ገመና ቀረሽ? አንብቢ!»

አነበበች። «እናቴ፣ ደኅና ነኝ። ይቅር በይኝ» ይላል። እሳቸው «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ና በይው» አሉ፤ ወኒንግም ጻፈች። እየመለሰለት ያለው ማን እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ፤ ወኒንግ ታነባለች፤ ትጽፋለች። የሷ ስም በአንዱም መልእክት ውስጥ አልነበረም። እሷም ካነበበችው አንዲት ቃል ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

አንድ ዓርብ መልእክቱ ረዘም ያለ ነበር።

«‹እናቴ፣ ዱዓሽን እፈልጋለሁ› ይላል» አለች ወኒንግ። «‹ትናንት ኒካህ አሰርኩ። ስሟ ማርዲያና ነው። ባሏ ባሕር ላይ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሁሉንም በአፌ ነገርኳት። ወረቀት አልጻፍኩም።›»

ገበያው ይጮኻል። ካሮት የሚሸጠው ሰውዬ ዋጋ ይጣራል። እማማ ካርሲና ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ አላነሡም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ እማማ።»

«አልዘለልሽም?»

«አልዘለልኩም።»

«እንግዲህ... ምን እንበለው?»

ወኒንግ ሂጃቧን አስተካከለች። ከዚያ «አላህ ይባርክላችሁ» ብላ ጻፈች፤ ጮክ ብላም አነበበችላቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላከችው።

ረመዳን ሳይገባ ጉንቱር እናቱን እሱ ዘንድ አስመጣቸው። ወኒንግ ሻንጣቸውን እስከ መርከቡ መሰላል ተሸከመችላቸው። እማማ ካርሲና ግንባሯን ሳሟትና ወጡ። ጉንቱር ከቢቱንግ አልተመለሰም፤ እናቱም ሄዱ። ወኒንግ ፔካሎንጋን ቀረች።