በስተቀኝ ያለው ወንበር

ጋሽ ሐጎስ ያቺን ነጭ መኪና ቆቦ ያስገባት በ2003 መስከረም ላይ ነው፤ ከተማውም ምን ብሎ እንደሚጠራት ጨነቀው። ቁመቷን ያየ «የመስክ መኪና ናት» አለ፤ ሆዷን ያየ «ኧረ ሚኒባስ ናት» አለ፤ ውስጧን ያየ ግን ምንም አላለም። ሰባት ወንበር በሦስት ረድፍ ነው። የመካከለኛው ረድፍ ወንበሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ሲፈለግም እንደ አልጋ ይተኛሉ። የመጨረሻዎቹ ታጥፈው ወለሉ ውስጥ ይገባሉ። የጎን በሮቿን የሚጎትታቸው የለም፤ ሹፌሩ ሲጫን ራሳቸው ተንሸራተው ይከፈታሉ። ወደኋላ ስትሄድ ከኋላ ያለውን ሁሉ ሹፌሩ ፊት በምስል ታሳያለች። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ከጣሪያው ለየረድፉ ይወርዳል፤ የራያ ሜዳ ፀሐይ ላሳደገው ሰው ይኼ ብቻውን ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ረከስ ያለች፣ ይኼ የጎደላት፣ ያ የቀረባት አማርጦት ነበር። ጋሽ ሐጎስ ግን «ነጭ ትሁን፣ ፉል ኦፕሽን ትሁን» ብሎ ድርቅ አለ፤ በዚያው ስሟ ፉል ኦፕሽን ሆኖ ቀረ።

ነጭ የመረጠው ለሰርግ ብሎ ነው። ከትግራይ በኩል መጥቶ ቆቦ ላይ የከበረ ነጋዴ ነውና ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም። ሹፌሩን ካሊድን ሲቀጥረው የነገረው አንድ ሕግ ብቻ ነበር።

«በሽተኛ ጫን፤ ነፍሰ ጡር ጫን። ሬሳ ግን በሩን እንዳትከፍትለት። ሬሳ የጫነ መኪና ላይ የቆቦ ሙሽራ አትወጣም።»

እውነቱን ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ነገር አንድ ነው።

የቆቦዋ ልጅ ሀስና ይኼን ሁሉ እንደ ማንም ሰው በወሬ ሰምታለች፤ ከመኪናዋ እገባለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም። እናቷን ሲቲን የኩላሊት ሕመም ከያዛት ወዲህ ወልድያ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት የሚኒባስ ወንበር ላይ አራት ሆነው ተጣበው ይመለሳሉ፤ እናት መንገዱን ሙሉ ታቃስታለች፤ ልጅ መንገዱን ሙሉ ትሳቀቃለች።

አንድ ቀን ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ጠፍቶ ሲቲ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ነጯ መኪና አጠገባቸው ቆመች። ቀጠን ያለ ወጣት ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አያቸው።

«የቆቦ ሰዎች ናችሁ አይደል? እማማ ለምን መሬት ላይ ይቀመጣሉ?»

በሩ በራሱ ተንሸራቶ ተከፈተ። ሲቲ ደነገጠች።

«ቢስሚላህ፤ ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ እማማ፤ ጂን አይደለም።»

ሲቲ ሳቀች። ሀስና የእናቷን ሳቅ ከሰማች ከርማ ነበርና መጀመሪያ የዚህን ልጅ ፊት ቀና ብላ ያየችው በዚያ ሳቅ ምክንያት ነው። ሲቲን በስተቀኝ ባለው የመካከለኛ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ጀርባውን አስተኛላት፤ የፊቱን ወንበር ገፍቶ ለእግሯ ቦታ ሰጣት። ይኼ ሲጎተት እንዲህ ይሆናል፣ ያ ሲዞር እንዲህ ይነፍሳል እያለ አንድ በአንድ ያስረዳቸው ጀመር።

«ልትሸጥልን ነው እንዴ?» አለችው ሀስና።

«ብሸጥማ ለማን እንደምሸጥ አውቃለሁ።»

መልሱን የሰጠው ለእናትየው ይመስላል፤ ዓይኑ ግን በመስታወቱ ውስጥ ሀስና ላይ ነበር። ሀስና ሻሿን አስተካከለች። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ የሕክምናው ቀን ሲደርስ ካሊድ ከወልድያ የሚያመጣው ወይም ወልድያ የሚያደርሰው ሰው አያጣም ነበር፤ ቢያጣም ይፈጥራል። ሲቲ ትተኛለች፤ አንዳንዴ የምትተኛ ትመስላለች። ሁለቱ በመስታወት ይተያያሉ። አንድ ጊዜ ሀስና የኋላውን ባዶ ወንበሮች እያየች ጠየቀችው።

«ይኼ ሁሉ ወንበር ለማን ነው?»

«ለቤተሰብ ነዋ።»

«ሰባት?»

«በሁለት ሰው ይጀመራል።»

 ሲቲ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

ችግሩ አጎቷ ሙሀመድሰይድ ነበር። የሲቲ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሀስና አባት ከሞተ ወዲህ ልጅቷን ያሳደጋት እሱ ነው። ወሬው ጆሮው ሲገባ አልጮኸም፤ መጮህ ልማዱ አይደለም። «በሰው መኪና የሚሄድ ልጅ ሚስቱን የት ያደርሳታል? ባለቤቱ ውረድ ሲለው አብራው ልትወርድ ነው?» አለ። ካሊድ ይኼን ሰምቶ ከጋሽ ሐጎስ ጋር ተነጋገረ። የጥር ሰርጎች ሁሉ በሰላም ካለፉ ከገቢው ድርሻ ሊሰጠው ጋሽ ሐጎስ ቃል ገባ። ሙሀመድሰይድም «እንግዲያው ጥር ይለፍና ሽማግሌ ይላክ» አለ። ሀስናና ካሊድ የሚገናኙትም የሚለያዩትም በዚያ ጥር ነው ማለት ነው።

ጥር ገባ። ወልድያ ላይ ሐኪሙ ሀስናን ከክፍሉ ውጭ ጠራት።

«ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አላት።

ሀስና ገባት። ካሊድም ፊቷን አይቶ ገባው። ሲቲን አቅፎ ከወንበሯ ላይ አስተኛትና ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ያቆማል ማለት ይቻላል።

ጎብዬ የምትባለውን ከተማ አልፈው ሜዳው ሲከፈት ሲቲ ዓይኗን ገለጠች።

«ካሊድ።»

«አቤት እማማ።»

«ይችን ወንበር ቀና አርጋት። ዞብልን ልየው።»

የተወለደችው ከዞብል ተራራ ሥር ነው። ካሊድ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፤ የወንበሩን ጀርባ በትንሽ በትንሹ አነሳላት፤ ጃኬቱን አውልቆ ከራሷ ሥር አደረገላት። ሰፊው መስኮት ሜዳውን ከነተራራው ይዞት ነበር። ሲቲ ብዙ አየችው።

«አለ፤ እንዳለ ነው» አለች።

እንደገና መሄድ ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ የሲቲ እጅ በልጇ እጅ ውስጥ ከበደ። ሀስና ወደ እናቷ ፊት ዞረች፤ ከዚያ ወደፊት ዞረች።

«ካሊድ፣ እማዬ ሄደች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» አለ ካሊድ። «ላቁምልሽ፤ አልቅሺ።»

«አታቁም።»

«ሀስና...»

«ካቆምክ ሰው ይሰበሰባል። ከተሰበሰበ ሬሳ ጫነ ይባላል። የአንተ እንጀራም የእኛ ነገርም እዚሁ ያበቃል። ንዳ። እማዬ ቤቷ ገብታ ነው የምትሞት።»

ቆቦ ሳይደርሱ ሮቢት ከተማ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃዱን እያየ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

«እናት ምን ሆነዋል?»

«ደክሟት ነው፤ ተኝታለች» አለች ሀስና። ለተኛ ሰው እንደሚደረገው ነጠላውን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችላት። ትራፊኩ «ይማርልሽ» ብሎ አሳለፋቸው። 

ቆቦ ሲደርሱ ካሊድ እንደ በሽተኛ አቅፎ አስገባት፤ አልጋዋ ላይ አስተኛትና ወጣ። ሀስና ደጃፉ ላይ ቆማ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ጮኸች። ሼኮቹ ጩኸት ክልክል ነው ቢሉም የራያ ሴት እናቷን ዝም ብላ አትሸኝም፤ ጎረቤቱም ደረሰላት። ሀስና ግን እንባ አልወጣትም። የመጣው ለቅሶ መንገድ ላይ ታፍኖ ቀርቶ ነበር፤ አሁን የምትጮኸው ለሰው ጆሮ ነው። «ደንግጣ ነው» አሏት ሴቶቹ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ሲቆይ ይመጣል» አሏት። ሲቲ ዕለቱን ተቀበረች።

ለቀስተኛው ሳይበተን ካሊድ በጓሮ በኩል መጥቶ አስጠራት። ፊቱ ከስቷል።

«ነገርኩት» አላት።

«ለማን?»

«ለጋሽ ሐጎስ። እማማ መኪናው ላይ እንደሞቱ ነገርኩት።»

ሀስና አጥሩን ያዘች።

«ለምን?»

«የእሁዷ ሙሽራ ሰላማዊት ወንበር ልትመርጥ መጥታ ነበር። በስተቀኝ ያለው ይሻለኛል፣ ቬሎዬ አይጨማደድብኝም አለች። የእማማ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ምንም ሳታውቅ እንዴት አድርጌ ልውሰዳት? ደግሞስ እናትሽን እንደ ነውር እስከመቼ እደብቃቸዋለሁ?»

«እኔስ?» አለችው ሀስና። «እናቴን አላለቀስኳትም እኮ። ትራፊክ ቆሞ ይማርልሽ ሲለኝ አሜን ብያለሁ በሆዴ። ለማን ብዬ ነው? ለቅሶዬን ለአንተ ሰጠሁህ፤ አንተ ወስደህ ጣልከው።»

 ካሊድ ከእሷ ሳይማከር መናገሩ ጥፋት መሆኑ የገባው አሁን ነው።

«ሂድልኝ» አለችው፤ ሄደ።

ጋሽ ሐጎስ አልተሳደበም። «እውነቱን ስለነገርከኝ አላህህ ይስጥልኝ። መኪናዋ እዚህ ከእንግዲህ አትሠራም፤ ደሴ ገዢ አግኝቻለሁ፤ አድርስልኝና ተለያየን» አለው። ሰላማዊት በሌላ መኪና ተዳረች። ወሬው ከሰርጉ ቤት ወጥቶ ለቅሶው ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም።

ሙሀመድሰይድ ሀስናን ለብቻዋ አስቀመጣት።

«እህቴ መንገድ ላይ ነው የሞተችው?»

«አዎ አጎቴ።»

«ዘመድ እንደሌላት?»

«እኔ ነበርኩ።»

«አንቺማ አፍሽን ይዘሽ ነበር። ለሹፌር ብለሽ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የዚያን ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳልሰማ።»

 አጎቷ ያለው ሀስና ራሷን ስትለው የከረመችውን ነው። ካሊድን ትጠላው እንደሆነ መረመረች፤ መጥላቱን ፈለገችው፤ አጣችው። ያኔ ይበልጥ ከፋት።

መኪናዋ ወደ ደሴ የምትሄድበት ቀን ካሊድ በጠራራ ፀሐይ ለቅሶው ቤት በር ላይ አቆማት። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጫማውን አውልቆ ገባና ሙሀመድሰይድ ፊት ቆመ።

«ቢሰድቡኝ ይገባኛል» አለ። «ሀስናም ለእኔ ብላ ዝም ስትል ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ሳይሰሙ ከዚህ አገር አልወጣም። እህትዎ ወንበሩን ቀና አርግልኝ፣ ዞብልን ልየው አሉኝ። አረግሁላቸው። አዩትና ‹አለ፤ እንዳለ ነው› አሉ፤ ከዚያ ነው የሄዱት። ቤት ቢሆኑ የሚያዩት ቆርቆሮ ነበር።»



«ዞብልን አለች?» አለ ሙሀመድሰይድ።

«አዎ።»

አጎትየው ከዘራውን ፈልጎ ተነሳ።

«አሳየኝ» አለ። «ሀስና፣ ነይ።»

የመኪናዋ በር በራሱ ሲከፈት ሙሀመድሰይድ ወደኋላ አፈገፈገ፤ ከዚያ ገብቶ በስተቀኝ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሀስና ከመጨረሻው ረድፍ ገባች። መስታወቱን ላለማየት ወደ ጎን ዞረች። ካሊድ ሮቢትን አለፈ፤ ሲቲ ተራራውን ያየችበትንም ቦታ አለፈና ከጎብዬ ወዲህ ዞሮ ተመለሰ፤ ተራራው በስተቀኝ እንዲሆን ነው። ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ላይ የቀረው ቁርጥራጭ አገዳ ብቻ ነበር።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

«ወንበሩስ እንዲህ ነበር?»

«ትንሽ ወደኋላ።» ካሊድ ወርዶ አስተካከለለት።

ሙሀመድሰይድ ራሱን አስደግፎ በመስኮቱ ተመለከተ። ዞብል በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል።

«ክረምት ወንዙ ሲሞላ አዝላ የምታሻግረኝ እሷ ነበረች» አለ። «እኔ እፈራለሁ፣ እሷ ትስቃለች።» 

 ሀስና ከመኪናው ወርዳ ወደ አገዳው ገባች፤ እዚያ ነው የመጣባት። ያ በጎብዬና በሮቢት መካከል የዋጠችው ለቅሶ ከነሙሉ ጉልበቱ ወጣ፤ አገዳው መካከል ተንበረከከች። ካሊድ ሮጠና አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ዞሮ አጎትየውን አየ፤ እጁ ተዘርግቶ ቀረ።

ሙሀመድሰይድ ዓይኑን ከተራራው ላይ አላነሳም።

«እኔን ምን ታያለህ?» አለው። «ያዛት እንጂ።»

ካሊድ ያዛት። የወልድያ አውቶቡሶች በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ሰው በመስኮት ያያቸዋል። በአጎት ፊት፣ በአውራ ጎዳና ዳር እንዲህ ከተያዘች በኋላ ሽማግሌ መላኩ ለወጉ ያህል ነው። ሀስና ግን ያን ቀን ስለ ሽማግሌም ስለ ሰርግም አላሰበችም። እናቷን አለቀሰቻት።