ናርዶስና ያለቀው ፍሬን

የናርዶስ አባት አዲስ መኪና ገዛ። ቀይ ናት፤ ረጅም፣ ባለ ትልልቅ ጎማ።

ወደ አክስቷ ወይንሸት አገር የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው። አውቶቡስ አይደርስም። ቀይዋ መኪና ግን ትደርሳለች።

አክስቷ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እሑድ አርባ ቀን ይሞላዋል፤ ክርስትና ይነሣል። ናርዶስ ልታቅፈው ቸኩላለች።

ናርዶስ መኪና ውስጥ ዝም አትልም። ፍየል ስታይ፣ «አባዬ፣ ቁም!» አባዬ ፍሬን ይይዛል። ቀጥ!

ዝንጀሮ ስታይ፣ «አባዬ፣ ቁም!» ቀጥ!

እሑድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መኪናዋ ስትቆም ጮኸች። «ሲጢጥ! ሲጢጥ!»

«ምን ሆነች?» አለች ናርዶስ።

«እንጃ! ገና አዲስ ናት እኮ» አለ አባዬ።

መኪናዋን ወደ ሸጠላቸው ኩባንያ ወሰዷት። መካኒኩ ጎማውን ፈታ። ኳ! ኳ! ኳ!

«መኪናዋን የሚያቆማት የፍሬን ሸራ አልቋል። እዩት፣ እንደ ወረቀት ሳስቷል።»

«ዋስትና አላት። ከተበላሸች እንሠራለን ብላችሁኛል» አለ አባዬ።

«አልተበላሸም ጌታዬ፤ አለቀ እንጂ። ፍሬን ስለሚያበዙ ነው። ያለቀ ነገር ዋስትና የለውም።»

«በተገዛች በስድስት ወር? ጫማዬ እንኳ ከዚህ በላይ ይቆያል!»

«ለአለቆቼ ይጻፉ። እስኪመልሱ ግን እንዳይነዷት። ቁልቁለት ላይ አትቆምም።»

ናርዶስ ከአባቷ ጀርባ ተደበቀች። «ቁም ያልኩት እኔ ነኝ። ፍሬኑን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለች በልቧ።

በታክሲ ተመለሱ። መንገድ ላይ ግልገል አየች። «ቁም!» ግን አላለችም።

አባዬ ለአለቆቹ ጻፈ፤ መልስ ሳይመጣ ግን እሑድ ደረሰ። ናርዶስ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ናርዲ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለ አባዬ።

«ፍሬኑን እኔ ጨረስኩት።»

አባዬ አጠገቧ ተቀመጠ። «ፍሬን የተሠራው ለመቆም ነው። እንዲህ ቶሎ ማለቅ አልነበረበትም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«እሱን ነው የምጠይቃቸው። እስኪመልሱልኝ እጽፋለሁ።»

«ክርስትናውስ?»

«ክርስትናውማ አመለጠን፣ የኔ ልጅ።»

ናርዶስ አለቀሰች። አባዬ አታልቅሺ አላላትም። ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀፋት።

ጭርርር! ስልኩ ጮኸ። አክስቷ ወይንሸት ናት።

«ናርዲዬ፣ ዓይኔ አንቺኑ ሲፈልግ ዋለ። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ተባለ። ይኸው፣ አናግሪው።»

«እዋ! እዋ!» አለ ሕፃኑ።

«ወልደ ገብርኤል፣ እኔ ናርዶስ ነኝ» አለች በቀስታ። «መምጣት ፈልጌ ነበር።»

ሕፃኑ ዝም አለ። ትንሿ ትንፋሹ ብቻ ትሰማለች።

ናርዶስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው አዳመጠችው።