ከእኔ በፊት የጠየቀችው ሴት

ልጆቼ... ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። አንዲት ቃል ከጨመርኩ ይህ ማተቤ ይፍረድብኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ኅዳር 1931። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ረፋድ ሦስት ገደማ።

አገሩ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ግርጌ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃችን ላይ ተኝቷል።

እኔ ጥሩብርሃን፣ ያኔ አልቃሽ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ሙሾ የማወርድ።

ሙሾ ዝም ብሎ ከአፍ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። ከእናቴ የወረስኩት ሥራ ነው። እሷ ሦስት ቀን ሳትጠይቅ አንድ ስንኝ አትገጥምም ነበር። እኔም እንደዚያው ቤት ለቤት እዞራለሁ። የበሬው ስም ማን ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ልጁን እንዴት ይጠራል? በመጨረሻ ደግሞ... የት ወደቀ? መውደቂያው ያልተነገረ ሙሾ አይዘጋም።

በእኛ አገር አልቃሽ ስለ ሟች ከጠየቀች ማንም አይከለክላትም። መከልከል ሟቹን መቅበር አልፈልግም እንደማለት ነው።

በዚያ ሳምንት እንዳላማው የሚባል አርበኛ ሞተ ተባለ። ሬሳው አልተገኘም። የብርጓል የምትባለው ሚስቱ ቅዳሜ ልብሱንና ጋሻውን ዘርግታ ልታስለቅስ ነው፤ ላከችብኝ።

ወንድሜ አንሙትም ከዚያው ጦር ነበር። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ሌላ ዘመድ የለኝም። ሰኞ ዕለት ደህና ነኝ፣ ቅዳሜ ለለቅሶው እወርዳለሁ ብሎ ልኮብኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት አያ ማሬ ዘንድ ነው። ሸማኔ ናቸው። እንዳላማውንም አንሙትንም ተኩስ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

ስለ እንዳላማው ልጠይቅዎ ነው አልኳቸው።

መወርወሪያውን ያዝ አደረጉ።

«ትናንትም አንዲት አልቃሽ መጥታ ነበር» አሉኝ። «እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ አንሙት ነው።»

ሳቅሁ። ተሳስታ ነው፣ አንሙት ደህና ነው አልኳቸው።

«እኔም ብያታለሁ። መልሳ ሲስቅ አፉን ይሸፍናል ወይ አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አሏት?»

«ይሸፍናል አልኳታ። አልቃሽ ጠይቃኝ...»

ማን ናት አልኳቸው። ከል የለበሰች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ናት አሉ። ፊቷ እንዴት ነው ስላቸው ግን ግንባራቸውን አሹ።

አላስታወሱትም።

ከዚያ ወደ አንሙት የክርስትና እናት፣ ወደ ወለተ ኢየሱስ ሄድኩ። እዚያም መጥታለች። ውሃ ብትሰጣት አልጠጣችም። በዚያ ጭቃ መጥታ እግሯ ደረቅ ነበር። ከጆሮው ኋላ ስላለው ጠባሳ ጠይቃ፣ ሰምታ፣ እያንጎራጎረች ወጣች።

ምን ብላ አልኳት።

ወለተ ኢየሱስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ...

«ሲስቅ አፉን ሸፍኖ፣ ሲቆጣ ዝም ብሎ፣
እንዴት ብሎ ቀረ ከሰው ተነጥሎ።»

ልጆቼ፣ ስንኙን እኔም ደገምኩት።

ግጥሙ ልክ ነበር። ወንድሜ ሲቆጣ ዝም ነው የሚል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጠይቆ፣ ብዙ ደክሞ ያገኘ ሰው የገጠመው ግጥም ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ አልገጠምኩም።

ያን ቀን ሙሉ ሮጥኩ። ያቺ ሴት ብትመጣ አትመልሱላት እያልኩ ስንት ደጅ አንኳኳሁ።

በየደረስኩበት... ቀድማኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት። የወደቀበትን ማንም አልነገራትም። ማንም አያውቅማ፤ አልወደቀም። በዚህ ተጽናናሁ።

አርብ ጠዋት ወንዝ ስወርድ አገኘኋት።

ከፊቴ ትሄዳለች። ጉሙ ከወገቧ በታች ሸፍኗታል። ልደርስባት ፈጠንኩ። እሷ አልፈጠነችም፤ እኔ ግን አልደረስኩባትም።

«አንቺ ሴት» አልኳት። «ወንድሜ በሕይወት አለ።»

ቆመች። አልዞረችም።

«የት ወደቀ?» አለች በሹክሹክታ።

«አልወደቀም እኮ።»

«የት ወደቀ?»

ንዴትና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙኝ። ቆሞ ስታየው የምታፍር መስሎኝ...

«ሂጂና ራሱን ጠይቂው» አልኳት።

እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሥራዋን እንደጨረሰች ሰው ቀስ ብላ።

ጉሙ ሸፈናት። ያልኩት ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አልቃሽ ከጠየቀችው እሱም አይከለክላትም። ልልክበት ብል መንገዱን ባንዳ ይዞታል። የት እንዳለም አላውቅም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አልቃሽ ሆኜ እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለቅሶው ሜዳ ሞላ። የእንዳላማውን ሙሾ እያወረድኩ ዓይኔ ከዳገቱ አልተነሳም።

መጣ።

አንሙት መጣ፣ ልጆቼ። በእግሩ፣ ጠመንጃውን ተሸክሞ። ሙሾውን አቋርጬ ሄጄ ተጠመጠምኩበት። ላብ ላብ ይሸታል። ትከሻው ጠንካራ ነው።

በጆሮው ሹክ አልኩት።

«ስለ አንተ የምትጠይቅ ሴት አለች።»

«አግኝታኛለች፣ እታለም።»

«ምን አለችህ?»

«የት ወደቅህ አለችኝ።»

«አንተስ...?»

እንደደከመው ሰው መሬት መሬት አየ።

«ነገርኳት» አለኝ።

ያን ጊዜ ከሜዳው ማዶ አንድ ድምፅ ተነሳ።

«እህቱ በደጅ ቆማ መንገድ ስታይ ውላ፣
ጋደም ብሎ ቀረ ከኮሶው ዛፍ ጥላ።»

ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ጮኸ። አንሙት፣ አንሙት እያለ ደረቱን መታ። አያ ማሬ መሬት ላይ ወደቁ። ወለተ ኢየሱስ ፊቷን ነጨች።

አለ እኮ፣ እዩት፣ ይኸው አጠገቤ አልኩ። የሰማኝ የለም። ወደ እሱ የሚያዩ ሁሉ በእሱ አሳልፈው ነው የሚያዩት።

እጁን ያዝኩ። ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝ። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ከእንዳላማው ጋሻ ጎን አስቀመጠ። ከዚያ ከለቃሾቹ መሀል ገባና... የራሱን ስም እየጠራ አለቀሰ።

ሴቶቹ ደግፈው የሟች ዘመድ በሚቀመጥበት አስቀመጡኝ። እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ሰዉ ተሰልፎ እየመጣ፣ እጄን እየያዘ፣ እያጽናናኝ ያልፋል።

በሰልፉ መሀል እሱም መጣ።

ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ። እጁ ይሞቃል። ዓይኑ ግን ማን እንደሆንኩ አላወቀም።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ እመቤቴ» አለኝ።

ከኋላው ላለው ሰው ቦታ ለቆ አለፈ።