የካፒቴን ፈርጋሊ ሦስት ጥያቄዎች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ኃምሳ ስድስት ዓመት፣ በመጋቢት ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ የፖርት ሳይድ ባሕር ጎሕ ሲቀድ እንደ እርሳስ ከብዶ ተኝቶ ነበር፤ ነፋስ የለም፤ ሞገድ የለም፤ የወደብ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጸጥታ አይወደውም። ወደ ቦዩ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች በአድማሱ ላይ ተሰልፈዋል፤ አገር ለቀው ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው የእንግሊዝ ወታደሮች በሰፈራቸው ዕቃ ይጠቀልላሉ፤ ከተማይቱም የሚመጣውን ደስታ እየጠበቀች፣ ከደስታው ጋር ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ ተቀምጣለች።

በካይሮ የተቀመጠ አንድ ኮሚቴ በዚያ ሰሞን ታላቅ ሐሳብ አስቦ ነበር። የመጨረሻው እንግሊዛዊ ከወደቡ በሚወጣበት በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ አንድ የፖርት ሳይድ ልጅ የእንግሊዝን ሰርጥ ዋኝቶ ተሻግሮ በገዛ ዳርቻቸው ላይ ይቁም፤ ዓለምም ይየው። ለዚህም የሚታጨው ዋናተኛ በመጋቢት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዐሥር ሰዓት ሙሉ መቆየት እንዳለበት ተወሰነ፤ የወሰኑት ሰዎች በመጋቢት ባሕር ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ቆይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የታጨው ረጀብ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ በባሕር የቀረ፣ ለእናቱም አንድያ ልጅ። አሠልጣኙ ካፒቴን ፈርጋሊ ሪዝቅ ነው። ካፒቴን መባሉ መርከብ ነድቶ አይደለም፤ በዚያ አገር ዋና የሚያስተምረውን ሁሉ እንዲህ ብለው ያከብሩታል። ፈርጋሊ በወጣትነቱ የመርከብ ገመድ ወደ ምሰሶ ከሚያደርሱት ጀልባተኞች አንዱ ነበር፤ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ ይዋኝ ነበር ይሉታል፤ እሱም ወሬውን አላረጋገጠም፤ አላስተባበለምም። በሃያ ሁለት ዓመት የአሠልጣኝነት ዘመኑ ሦስት ሰዎች ሰርጡን አሻግሯል። የማቆሚያ ሰዓት በኪሱ አይዝም። «ሰዓት አይዋኝም» ይል ነበር፤ «የዋናተኛ ጠላቱም ባሕር አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ጀልባ ነው፤ ጀልባው ቅርብ ነውና።»

ሕጉም ይህንኑ ያጠብቅ ነበር፤ ዋናተኛውን እጅ ከነካው፣ ወይም እሱ ጀልባውን ከነካ፣ ዋናው ፈረሰ። ፈርጋሊ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ወደ ውሃ አልዘረጋም፤ በዚህም ይኮራ ነበር፤ ኩራቱንም ለመደበቅ አልሞከረም።

እጁን ሳይዘረጋ ሰውየው ነፍስ እንዳለው የሚያውቀው በሦስት ጥያቄ ነው። ብርድ ከክንድ በፊት አእምሮን ይሰርቃል፤ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ፊሽካ ይነፋና ይጠይቃል፦ ስምህ ማን ነው? የእናትህስ? ወዴት ነው የምትሄደው? የሁለተኛው ጥያቄ ብልሃት የገባው የዚያ አገር ሰው ብቻ ነው። በፖርት ሳይድ ወንድ ልጅ የእናቱን ስም በሰው ፊት አይጠራም፤ ስሟ የቤት ነው፤ በአደባባይ የእገሌ እናት ትባላለች እንጂ። ልብ ያለው ዋናተኛ ይህን ሲጠየቅ ያፍራል፤ በጥርሱ መሐል ያጉተመትማል፤ ቀዛፊውን ይገላምጣል። «እፍረቱ እስካለ ድረስ ሰውየው አለ» ይል ነበር ፈርጋሊ። ብልሃቱ መልካም ነበር፤ ጥፋቱ ጥያቄዎቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይለወጡ፣ ቅደም ተከተላቸውም ሳይዛነፍ መኖራቸው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፈርጋሊ የረጀብን ጀርባ በበግ ላትና በቫዝሊን ሲቀባ፣ ኸዋጃ ፓናዮቲ በባሕሩ ግንብ ላይ እየተንደረደረ መጣ። ኸዋጃ በዚያ አገር የውጭ ዜጋ የሚጠራበት ስም ነው፤ ፓናዮቲም እዚያው ፖርት ሳይድ ተወልዶ ያረጀ ግሪካዊ፣ የክለብ መዋኛ ገንዳ አሠልጣኝ ነው፤ ሁለት የማቆሚያ ሰዓት በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ተማሪው ከንፈሩ ሲጠቁር አላስፈላጊ ጥያቄ ሳያበዛ ጎትቶ ያወጣዋል፤ በዚህም ምክንያት ጀልባተኞቹ ዓሣ አጥማጁ ብለው ስም አውጥተውለታል።

«ኸዋጃ፣ መረብህን የት ጣልከው?» አለው ዲያብ፣ ሽማግሌው ቀዛፊ።

«ለአንተ ዓይነቱ አሮጌ ዓሣ መረብ አላባክንም» አለ ፓናዮቲ፤ ወደ ፈርጋሊም ዞሮ «ስማኝ ወንድሜ፣ ውሃው ዐሥራ ስድስት ዲግሪ ነው። ለካሁት።»

«እኔም በእግሬ ለካሁት። ቀዝቃዛ ነው።»

«ልጁን ካላወጣኸው ቢያንስ ጥያቄህን ለውጥ። ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ያንኑ ሲመልስ ኖሯል። ተኝቶም ይመልስልሃል።»

«የለመደው ጥያቄ ለዋናተኛ ገመድ ነው» አለ ፈርጋሊ። «ጨለማ ውስጥ ለገባ ሰው አዲስ ገመድ አይወረወርለትም።»

«እንግዲህ ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም!» አለ ግሪኩ፤ መሬት ላይ እንትፍ ብሎም ሄደ። ረጀብ ሳቀ። ፈርጋሊ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ ልቡን ነክቶት ነበር፤ ደግሞም ከአንድ ኸዋጃ ምክር ተቀበለ መባልን ፈራ፤ በተለይ በዚያ ዓመት።

በጀልባው ላይ ሦስት ሰዎች ተሳፈሩ፦ ፈርጋሊ፣ ዲያብ፣ ከካይሮ በኮሚቴው የተላከው ሻለቃ ጀላልም። ሻለቃው በካፖርታው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ በኋለኛው ወንበር ተቀመጠ። ረጀብ ልክ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ባሕር ገባ፤ መንገዱ በምዕራብ በኩል በዳርቻው ተጉዞ እስከ ጀሚል፣ ከዚያም ተመልሶ ነው።

የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር።

«ስምህ?»

«ረጀብ!»

«የእናትህስ?»

ልጁ ሻለቃውን አየ፤ ውሃ ጎረሰ። «ካፒቴን፣ እንግዳ ሰው አለ እኮ!»

«እሱን ተውና መልስ!»

አንገቱን ወደ ባሕሩ ቀብሮ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ሻለቃው አልሰማም፤ ፈርጋሊ ሰማ፤ ደስም አለው። በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ኩባያ ትኩስ አብሽ በማር አቀበለው።

«ጨው በዝቶበታል!» ብሎ ጮኸ ረጀብ።

«ጨዉ ከባሕሩ ነው እንጂ ከእኔ አይደለም፤ ዝም ብለህ ጠጣ!» አለ ዲያብ፤ ሁሉም ሳቁ።

ባሕር ከገባ እስከ አምስተኛው ሰዓት ድረስ እንዲሁ ሆነ። በስድስተኛው ሰዓት ሰማዩ ዳመነ፤ ውሃው ጠቆረ። ፈርጋሊ ፊሽካውን ነፋ፤ ስሙን ጠየቀው፤ የእናቱን ጠየቀው።

«በሂያ!» አለ ረጀብ፤ ድምፁ እስከ ዳርቻው ተሰማ። ሻለቃውን አላየም፤ አላጉተመተመም። «ወደ መሬት!» ብሎም ሦስተኛውን መልሶ መዋኘቱን ቀጠለ።

ዲያብ መቅዘፊያውን አዘገየ። «ፈርጋሊ፣ እንዲህ ጮክ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።»

«ለምዶት ነው። ሦስት ዓመት ጠየቅሁት እኮ።»

«ጠዋት ግን አፍሮ ነበር።»

«ቅዘፍ፣ አጎቴ ዲያብ። ጀልባው ላይ ሁለት አሠልጣኝ አያስፈልግም።»

ሻለቃው በደስታ ብዛት ጭኑን መታ። «አንበሳ ነው! ድምፁን ሰማችሁት? ይኼ ልጅ ለንደን ድረስ ይዋኛል!»

ፈርጋሊ የዲያብን ነገር ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። ሰባተኛው ሰዓት አለፈ፤ ስምንተኛው አለፈ፤ መልሱ እንደ ሥርዓቱ ይመጣል፤ ድምፁም አልወረደም። የክንዱ ምት ግን በደቂቃ ከኃምሳ ስምንት ወደ አርባ ሁለት ወረደ፤ ፈርጋሊ ሰዓት ባይዝም በልቡ ይቆጥር ነበር። አብሹን ሲያቀርብለት ረጀብ ኩባያውን አልያዘም፤ አጠገቡ አልፎ ዋኘ። ሻለቃው «አልጠማውም» አለ፤ ፈርጋሊም ይህን ለማመን ስለፈለገ አመነው። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ስጽፍ የምቆጣው በዚህ ቦታ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እምረው ነበር።

ባሕር ከገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆነው አንድ ትልቅ የዘይት መርከብ ወደ ቦዩ አፍ እየቀረበ ነበር። ፈርጋሊ ፊሽካውን ነፋ፤ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት መርከቡ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ድምፁም ባሕሩን ሞላው። ፈርጋሊ ጥሩምባው እስኪያበቃ ብሎ ዝም አለ። ጥሩምባው አበቃ። እሱም ገና ቃል አልተናገረም።

«ረጀብ!» አለ ድምፁ ከውሃው። ትንሽ ቆየ። «በሂያ!» ትንሽ ቆየ። «ወደ መሬት!»

ፊቱንም ወደ ውሃው መልሶ ዋኘ።

ዲያብ መቅዘፊያውን ጥሎ ዞረ። «ጠየቅኸው እንዴ?»

«አልጠየቅሁትም» አለ ፈርጋሊ።

«መለሰ አይደለም?» አለ ሻለቃው። «ሁሉንም በትክክል መለሰ!»

ፈርጋሊ በጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ። «ረጀብ! ልጄ! የጀልባችን ቀለም ምንድን ነው?»

ጀልባው ሰማያዊ ነው፤ ባለፈው ጁምዓ ራሱ ረጀብ ነበር የቀባው።

«በሂያ!» አለ ረጀብ።

«እንዳይነኩት!» አለ ሻለቃው ብድግ ብሎ። «ከአንድ ሰዓት በታች ነው የቀረው፤ ከነኩት ፈረሰ! ካፒቴን፣ ከካይሮ ሰዎች እየጠበቁ ነው!»

ፈርጋሊ እጁ በጠርዙ ላይ እንዳለ ቆመ፤ አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት፣ ዲያብም በኋላ ሊወስን አልቻለም። ያን ጊዜ በልቡ የነበረው አገርም ኮሚቴም አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልተዘረጋው እጁ ነበር። ከዚያ ከነልብሱ ገባ። ረጀብን ሲያቅፈው ልጁ አልታገለም፤ አላወቀውምም፤ ክንዶቹ በፈርጋሊ እቅፍ ውስጥ ሆነው እንኳ መዋኘት አላቋረጡም።

በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ዲያብ ደረቱን አሸው፤ ሻለቃው ካፖርታውን አውልቆ ሰጠ፤ ይህን ላስብለት ይገባል። የባሕሩ ግንብ ሳይደርሱ ሞተ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮሚቴው ምርመራ ተቀመጠ። ሻለቃ ጀላል አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት አነበበ፦ ሟቹ እስከ መጨረሻው ጥያቄውን ሁሉ በትክክል መልሷል፤ አሠልጣኙ ውጣ ብሎ እጁን ቢዘረጋለትም ለአገሩ ክብር ሲል እምቢ ብሏል።

«እጄን አልዘረጋሁም» አለ ፈርጋሊ። «እምቢም አላለም። እጅ መኖሩን አላወቀም። ሦስቱን መልስ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመልስ ማንም አልጠየቀውም፤ ከዚያም በፊት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሌለ አላውቅም። ይህን ጻፉልኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ሻለቃውን አየ።

«ካፒቴን፣ ደክሞዎታል» አለ ሻለቃው በለሰለሰ ድምፅ። «ልጁ ጀግና ሆኖ ሞቷል። እርስዎ ምን ተብሎ እንዲታወስ ነው የሚፈልጉት?»

«የኔ ስሕተት።»

ይህ ቃል አልተጻፈም። ፈርጋሊ አልፈርምም አለ፤ የአሠልጣኝነት ፈቃዱን ቀሙት፤ ያለ እሱ ፊርማም ወረቀቱ ወደ ካይሮ ሄደ። ጋዜጦቹ ረጀብን የባሕሩ ሰማዕት አሉት፤ የእናቱን ስም ጠርቶ እንደ ሞተ በትልልቅ ፊደል አተሙ፤ ስሟንም አተሙት።

ፈርጋሊ አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ረጀብ እናት ቤት ሄደ። ሁሉንም ሊነግራት ቆርጦ ነበር፤ በመንገድም ቃሉን ሲያጠና ሄደ። በሩ አጠገብ በምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ የሚቀመጥበትን አሳየችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«ሰፈሩ ሁሉ ስሜን አወቀው፣ ካፒቴን» አለችው። «ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ወይዘሮ በሂያ ይለኛል። ነፍሱን ይማርና አባቱ እንኳ ሰው ፊት ጠርቶኝ አያውቅም።»

«ይቅር በይኝ፣ እናቴ።»

«ቅር አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ ነግሮኛል፤ እርስዎ ስሜን ይጠይቁት ነበር። አፍሬያለሁ እያለ ይስቅ ነበር።» ሻሿን አስተካከለች። «በመጨረሻው ጊዜ ጠይቀውት ነው? ወይስ ራሱ ነው የጠራኝ?»

ፈርጋሊ በመንገድ ያጠናው ቃል ሁሉ ጠፋበት። በኮሚቴው ፊት የጮኸበት፣ ማንም ያልተቀበለው ያ አንድ እውነት ብቻ ቀረው።

«ማንም አልጠየቀውም» አላት።

ሴትየዋ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደጋግማም አለችው። ፈርጋሊ የቀረውን ሳይነግራት ተነሥቶ ወጣ፤ ከባሕሩ በተቃራኒው መንገድ ሄደ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ጦርነት ከሰማይና ከባሕር በከተማይቱ ላይ ወረደ፤ የኮሚቴው ጽሕፈት ቤትም ከነመዝገቡ ተቃጠለ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈው ጋዜጣው ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪክ የያዘው ጋዜጣው ያለውን ነው፦ አንድ ወጣት የተዘረጋለትን እጅ እምቢ ብሎ፣ የእናቱን ስም ጠርቶ ሞተ። ከዚህ ውስጥ ውሸቱ እጁ ነው፤ ስሙስ እውነት ነበር። ያን ስም በልጁ አፍ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስገባ ማን እንደ ሆነ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ የጠየቀም የለም።