የቀይ ጭንብሉ አመድ

ቅዳሜ ጠዋት ማክዳ የአንድ ሆቴልን ምድር ቤት ስትከፍት የቃጠሎ ሽታ ተቀበላት።

ዘመኑ 2006 ነበር። የሶዶ ወጣቶች እዚያ ተሰባስበው ራሳቸው የሰፉትን እንግዳ ልብስ ለብሰው፣ ጭንብል አጥልቀው በተመልካች ፊት ይጨፍሩ ነበር። ጭንብሎቹን ማክዳ በዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ ያየቻቸውን የጃፓን ጭንብሎች እያሰበች ከጋዜጣና ከቡላ ሙጫ ሠርታቸዋለች። አምስት ነበሩ። አራቱ ግድግዳው ላይ ናቸው። ቀንዳሙ ቀይ ጭንብል አመድ ሆኗል። አመዱ ላይ የወንጌል በራሪ ወረቀት ተቀምጧል።

ወንጌላዊ ሻንቆ ባለፈው እሑድ ጭንብልን ነቅፈው ሰብከው ነበርና ወረቀቱ እንደተገኘ ወዲያው ታሰሩ። አላቃጠልኩም ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም።

ምርመራውን የያዘችው ሳጅን ፈጠነች ነገሩ አልተዋጠላትም። አክስቷ ጌታን ስትቀበል ጨሌዋን ያቃጠለችው በጉባኤ ፊት፣ በመዝሙር ነበር። ተደብቆ የሚያቃጥል አማኝ አታውቅም። አራቱንስ ማን ይተዋል? ወረቀቱን እሳት አልነካውም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ጨፋሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ማክዳን አስጠራቻት።

"የዛሬው ትርኢት ከወትሮው በምን ይለያል?"

"መጨረሻው ላይ ሁላችንም ጭንብላችንን እናወልቃለን።"

"ቀዩ የማን ነው?"

"የኤልሳዕ። እሱን እንኳ አትጠርጥሪው ሳጅን፣ የወንጌላዊው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ልጅ ነው።"

ፈጠነች ተነሳች።

ኤልሳዕ ትናንት ማታ ቦዲቲ ከተማ ነበርኩ አለ። የሄደበትን ጉዳይ ስትጠይቀው ተንተባተበ። አልተከራከረችውም። ወደ ጣቢያ ይዛው ሄዳ ወንጌላዊው ፊት አቆመችው።

"እኚህ ሰው ዛሬ እዚህ ያድራሉ። እውነቱን ንገራቸው።"

ልጁ መሬት መሬት አየ። ፊቱ ከታየ ከኳየር እንደሚታገድ፣ ጭንብሉን ካቃጠለው ግን ከትርኢቱ መቅረት እንደሚችል አስቦ እንደነበር ተናገረ። ወረቀቱን ያስቀመጠው እንዳይጠረጠር ነው።

"ይታሰራሉ ብዬ አላሰብኩም።"

ሻንቆ ቀስ ብለው ተነሱ።

"ባለፈው ወር ሙዚቃውን እንድትቀንሱ ልነግራችሁ ምድር ቤቱ ስወርድ አየሁህ። ስትዘምር እንደምታደርገው ግራ ትከሻህን ትሰብቃለህ። ቀንድ ብታበቅልም ይታወቃል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለች ፈጠነች።

"ስብከቱ ለእሱ ነበር። ስሙን ያኔም አልጠራሁም።" ወደ ልጁ ዞሩ። "አሁን ግን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ራስህ ትነግራቸዋለህ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።"